ራጁ ላይ ሦስት ካናል ነው የሚታየው፣ ሐኪሙ ግን አራተኛ ሊኖር ይችላል አለኝ

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬ ዓመት አካባቢ የላይኛውን የቀኝ መንጋጋ ጥርሴን ሩት ካናል ተሠርቼ ነበር። ሦስት ካናል (ስሩ ውስጥ ያለው የነርቭ ቀዳዳ) ነው ተብሎ ተሞላ፣ ራጁም ቆንጆ ነው ተባልኩ። አሁን ስነክስበት ጠቅ ያደርገኛል፣ ከበላዩ ድዱ ላይም ብጉር ነገር ትወጣና ትጠፋለች። ሌላ ሐኪም ጋ ብሄድ "ያልተነካ ካናል ሳይኖር አይቀርም፣ ስሪዲ ራጅ ተነሺ" አለኝ። ራጁን አገላብጬ አየሁት፣ ነጩ መስመር ሦስት ብቻ ነው። እውነት ነው ወይስ ብር ለማስወጣት?

የጥርስ ሐኪም ነኝ፦
ጥያቄሽ ትክክል ነው፣ ግን ሐኪሙ የሚያወራው እውነት ነው። ይሄ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ስር አለው፣ ሁለቱ በጉንጭ በኩል፣ አንዱ በላንቃ በኩል። ስሩ ሦስት ስለሆነ ካናሉም ሦስት ነው ማለት ግን አይደለም። በጉንጭ በኩል ያለው የፊተኛው ስር ራጅ ላይ ቀጭን ይመስላል፣ ከጉንጭ ወደ ላንቃ ሲለካ ግን ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፣ ሁለተኛው ካናል የሚደበቀውም እዚያ ውስጥ ነው። እኛ ኤም ቢ ቱ እንለዋለን፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑ ሰዎች ላይ አለ። ተራው ራጅ ከጉንጭ በኩል ስለሚነሳ ሁለቱ ካናሎች እንደ ሰልፈኛ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ይቆማሉ፣ አንቺ የምታዪው የፊተኛውን ብቻ ነው። ስሪዲው (ሲቢሲቲ የሚባለው) ጥርሱን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ያሳያል። ነጩ መሙያ የስሩ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ከታየ በሌላው በኩል ያልተሞላ ካናል አለ ብለን እንጠረጥራለን። ጥርሱ ተሰንጥቆም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ያንንም ይይ። ብጉሯን ደግሞ አታፍርጪያት፣ መግል የሚወጣባት ቀዳዳ ናት።

ከሜሪላንድ፦
እኔ የታችኛው ነበር። ሁለት ስር ነው ብለው ጀምረው በምላስ በኩል ሦስተኛ ትንሽ ስር ተገኘ። እኛ ሐበሾች ላይ ይበዛል እንዴ? ደግሞስ የስሪዲው ጨረር አይበዛም?

የጥርስ ሐኪም ነኝ፦
አይ፣ ያንተ ዓይነቱ የሚበዛው ምሥራቅ እስያ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ ብርቅ ነው፣ ዕድለኛ ነህ በለው። እነሱ ጋ የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋ ካናልም ብዙ ጊዜ እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ይገጣጠማል። ጨረሩ ከትንሹ ራጅ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሙሉ መንጋጋ ሳይሆን ያቺን ጥርስ ብቻ አንሱልኝ በሉ፣ ምስሉም ይጠራል። ቀድሞ ግን የራጁን ማሽን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ አንድ ተራ ራጅ መድገምም አለ፣ ተደራርበው የነበሩት ካናሎች አንዳንዴ በዚያው ይለያያሉ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። ብጉሯን ግን ትናንት ማታ አፍርጬያታለሁ 🙈