ለተዋጊ አብራሪ የጂማ መንገድ ይገባዋል ወይ? (ክርክር)

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦ ጥያቄዬ አጭር ናት። ጂማ ውስጥ አንድ መንገድ በጄኔራል ለገሰ ተፈራ ስም ቢጠራ ትስማማላችሁ? ለማያውቅ፣ በ1969 የዚያድ ባሬ ጦር ሲወረን ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን ይዞ ወጥቶ የሶማሊያን ሚግ አውሮፕላኖች አየር ላይ የጣለ ሰው ነው። በኋላ የራሱም አውሮፕላን ተመታ፣ ተማረከ፣ ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ታሰረ። እኔ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ነጃት፦ ጀግና አይደለም አላልኩም። ግን ያ አየር ኃይል የማን ነበር? ሰኔ 15 ቀን 1980 ትግራይ፣ ሀውዜን ላይ፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ሕዝብ ላይ ቦምብ ያዘነበው ያው አየር ኃይል ነው። ልጇን እዚያ የቀበረች እናት ጂማ መጥታ የአብራሪ ስም የተጻፈበት ታፔላ ስታይ ምን ትላለች?

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦ ነጃትዬ፣ ሀውዜን ሲደበደብ ለገሰ የት ነበር? ሶማሊያ እስር ቤት! የወጣው በዚያው ዓመት ሁለቱ መንግሥታት ታርቀው ምርኮኛ ሲለዋወጡ ነው። ባልነበረበት ነገር እንዴት ይጠየቃል?

ነጃት፦ እሺ፣ ስለሱ ልክ ነህ፣ ይቺን ተቀበልኩ። ስለለበሰው የደርግ ዩኒፎርም ግን አልመለስክልኝም። ሜዳይ የሰጠው እኮ ደርግ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ ደብረ ዘይት ተዋጊ አውሮፕላን ስር ተኝቼ ያረጀሁ መካኒክ ነኝ፣ ትንሽ ልናገር። ኤፍ-5 የአሜሪካ ነው። አሜሪካ ከደርግ ጋር ተጣልታ እርዳታ ስታቆም መለዋወጫ አጣን፣ ከቆመው እየፈታን ለሚበረው እንገጥም ነበር። ሶቭየት ደግሞ ሚጎቹን ለሶማሊያ ሰጥታ ስታበቃ እኛ ጋ መጣች፣ የዚያን ጊዜ ፖለቲካ እንዲህ የተደበላለቀ ነው። አብራሪው ግን የሚቀመጠው ለብቻው ነው፣ ወንበሯ አንድ ናት። ቀበቶውን አጥብቀህለት፣ መሰላሉን አንስተህ፣ ጆሮህን ይዘህ ወደኋላ ትላለህ፣ ከዚያ በኋላ ሥራህ ሰማይ ማየትና መቁጠር ብቻ ነው፤ ሁለት ወጥተው አንድ ሲመለስ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ሻይ እንኳ አይጠጣም። ያኔ ደርግ ትዝ የሚለው ሰው አላየሁም።

ነጃት፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እርስዎ የሚያወሩት ስለሚያውቁት ሰው ነው፣ ታፔላ ግን የሚቆመው ለማያውቀው ነው።

ሂርማታ፦ እኔ ሁለታችሁንም አልደግፍም። አጎቴ ከዚሁ፣ ያኔ ከፋ ክፍለ ሀገር ከሚባለው፣ ሚሊሻ ተብሎ ከእርሻው ተነሥቶ የሄደ ገበሬ ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ለአጭር ጊዜ ሠለጠነና ወደ ምሥራቅ ተጫነ። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ድል ሆነ ሲባል አያቴ ቡና አፍልታ በር በሩን ታያለች። አልመጣም። አብራሪው ቢያንስ ስሙ ተጠራ፣ ሜዳይም አገኘ። የኔን አጎት ስም ከቤታችን ውጭ ማን ያውቃል?

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦ ያምማል ወንድሜ። ግን አንዱን መርሳት ሌላውን ማስታወስ አይሆንም።

ሂርማታ፦ አቦ አትሸውደኝ፣ መንገዱ አንድ ነው ያልከው አንተ ነህ!

ጡረተኛው፦ ሂርማታ፣ ልጄ፣ ስም የተጠራለትም ቢሆን ብዙ አልተጠቀመም። ደርግ ሲወድቅ አየር ኃይሉ ተበተነ። አገር ያሠለጠነቻቸው ሰዎች የሚሠሩት ጠፋ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲመጣ ደግሞ «ኑ» ተባሉ፣ መጡም። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ጊዜ በሻዕቢያ ተማርኮ የተመለሰ ሰው ነው። አንዴ የቀመሰው ሰው በቃኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? እንደገና በረረ። አስመራ ላይ ተመታ፣ በሕይወት ተያዘ፣ ይኸው እስካሁን አልተመለሰም። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። መስዋዕትነት ስትሉ ሞት ብቻ አይምሰላችሁ።

ነጃት፦ ጋሼ፣ እንደሱ ከሆነ እኔም ሐሳብ አለኝ። ለበዛብህ ይሁን። የሱ ስም ቢሰቀል ክብር ብቻ አይደለም፣ የት ደረሰ ብሎ መጠየቅም ነው። ለዚያ እፈርማለሁ።

ሂርማታ፦ እሱን እኔም አልቃወምም። ግን የስንቱ ሰፈር ነዋሪ በታፔላው ስም ይጠራል? ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ እኛ ሰፈሩን አሁንም ፈረንጅ አራዳ ነው የምንለው። ይኸው ጠያቂው ራሱ ስሙን ከዚያ አይደል የወሰደው?

የፈረንጅ አራዳ ልጅ፦ 😂 ተይዣለሁ። የአጎትህን ስም ንገረኝ እስቲ፣ ቢያንስ እኛ እንወቀው።