ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ፦ ብድሩ የሩዙን ወር ይጠብቅ

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስብሰባ ሰዓት ስላለቀብን ሐሳቡን እዚህ አብስለን ለጠቅላላ ጉባኤ እናቅርብ ብለን ነበር የተለያየነው። መነሻውን እኔ ልጣል።

ማህበራችን የተቋቋመው የወረታና የዙሪያዋ ሰው ቆጥቦ እርስ በርሱ እንዲበዳደር ነው። አሁን የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ገበሬው ለአረም ብር ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ፣ በየወሩም ክፈል እንለዋለን። ዋሱን ያገኘ ይበደራል፣ ያላገኘ ወደ አራጣ ይሄዳል። የተረፈንን ብር ባንክ እናስገባለን፣ ከ2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ እሷን ይዘን እንመለሳለን። ከፎገራ ጭቃ የወጣ ብር አዲስ አበባ ፎቅ ይሠራበታል። ባንኩን አልወቅስም፣ ሥራው ነው። እኛ ግን ለዚያ አልተሰባሰብንም።

ሐሳቤ ሁለት ነው። የእርሻ ብድር በየወሩ መሆኑ ቀርቶ ሩዝ ሲገባ ይከፈል። ሌላው፣ ገበሬው ሩዙን በአጨዳ ሰሞን በርካሽ ከሚጥለው መጋዘን አስይዞ የሚበደርበት መንገድ ይኑር። በሉ ተቹት።

ከሻጋ (የምጽፈው ልጁ ነኝ)፦
አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ እየነገረኝ ነው፣ እንደወረደ ልጻፈው። "አምና በሰኔ 40 ሺህ ወሰድኩ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ሐምሌ ላይ መክፈል ጀምር አላችሁኝ። በሐምሌ እኔ ምን አለኝ? ሩዙ ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም፣ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው የማርመው። የወሰድኩት ብር ለቀን ሠራተኛ አልቋል። ለናንተ የምከፍለውን ከአራጣ ተበደርኩ። 6 ሺህ፣ በወር 10 በመቶ። ሩዙ እስኪገባ በ5 ወር ወለዱ ብቻ 3 ሺህ ሆነ። ይኼ የአንድ ወር ክፍያ ነው እንግዲህ። የነሐሴን በግ ሸጬ ነው የከፈልኩት።" አሁን ደግሞ የበጉን አትጻፍ እያለኝ ነው፣ ጽፌዋለሁ።

መምህር፦
የጋሼ ነገር ልቤን ነክቶታል። ግን የኔንም ስሙኝ። እኔ ከደመወዜ በየወሩ እየተቆረጠ ስቆጥብ ዘመን ቆጥሬያለሁ። መስከረም ላይ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የፍላጎት ቁጠባዬን (በፈቃዴ ያስቀመጥኩትን) ላወጣ ስመጣ "ብሩ ሩዝ ውስጥ ነው" እንዳትሉኝ። ሌላም አለ። ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ያስቀመጠ ሰው እስከ 100 ሺህ ብር ድረስ የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለው። እኛ ኅብረት ሥራ ስለሆንን እዚያ ውስጥ የለንም። ብድሩ ቢበላሽ የሚደርስልን የለም፣ የሚጠፋው የኛው ብር ነው። የትርፍ ክፍፍሉስ ምን ሊሆን ነው?

ሂሳብ ክፍል፦
መምህር፣ እርስዎ ባስተማሩኝ ሂሳብ ልመልስልዎ። የጋሼን 40 ሺህ እንውሰድ፣ ወለዱን በዓመት 15 በመቶ እንበለው፣ ለምሳሌ ያህል ነው። ከሐምሌ እስከ ጥር በ7 ክፍያ ቢመለስ ዋናው በየወሩ ስለሚቀንስ ወለዱ በድምሩ 2 ሺህ ብር ነው። ጥር ላይ አንዴ ቢከፈል ዋናው 7 ወር ሙሉ ሳይነካ ስለሚቆይ 3,500 ይሆናል። ስለዚህ ማህበሩ 1,500 ብር ያተርፋል እንጂ አይጎድልበትም። ጋሼም ተጨመረብኝ ብለው እንዳይቀየሙ፣ ጭማሪው ለአራጣው በወለድ ከከፈሉት ግማሽ ነው።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ትርፉ ሳይሆን ካዝናው ነው። ወሮቹን እዩልኝ። ሰኔና ሐምሌ ብር ይወጣል። መስከረም ላይ ለትምህርት ቤትና ለበዓል ሁሉም ሊያወጣ ይመጣል፣ ከኔ መስኮት እስከ ውጭው በር ሰልፍ ነው፣ አንዳንዱ ሕፃን አዝሎ። እስከ ጥር የሚገባ የለም። በዚያ ላይ ታህሳስ ላይ የመጋዘን ብድር ልንጨምር ነው። እሱ ደግሞ ሰኔ ውስጥ ይመለስ ካላችሁ ሰኔ 1 ቀን ለአረም ብሎ የሚመጣውን ሰው ምን ልስጠው? የመጋዘኑ ብድር ግንቦት 30 ማለቅ አለበት። አንድ ቀን አልጨምርም።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
ሁሉ ነገር ሩዝ ሆነ እኮ! በቀን ሸጠን የምናድር ሴቶችም አባል ነን። እኔ ጤፉን ከሩዝ ቀላቅዬ ነው የምጋግረው፣ ይታወቃል፣ አትሳቁ። ክረምት ላይ ሩዝ ሲወደድ የምጎዳው እኔ ነኝ። አሁን ገበሬው ቆልፎበት ሊያስወድደው ከሆነ እኔ ለምን እጄን አወጣለሁ? ደግሞም የኔን ብድር ለምን በወር ታደርጉታላችሁ? የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ብሩ ከእጄ ሾልኳል። በሳምንት በሳምንት ብከፍል ይቀለኛል።

ባለ መፈልፈያው፦
የኔ ተራ መድረሱ አይቀርም ብዬ ነበር። አዎ፣ መንገድ ዳር መፈልፈያ አለኝ፣ ታህሳስ ላይ የምገዛውም እኔ ነኝ። ገበሬው ዕዳ ስላለበት ይጣደፋል፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ጋሪ ጭኖ ይመጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። እኔም ነጋዴ ነኝ፣ በወረደው እገዛለሁ። እትዬ፣ ክረምት ላይ የሚያስወድድብሽ ገበሬው አይምሰልሽ። ያኔ ሩዙ ያለው እኔና እኔን በመሰሉ ጥቂት ሰዎች ቤት ነው። ሻጩ ከበዛ ብቻችንን ዋጋ አንቆርጥም። ራሴን እያሳጣሁ እንደሆነ ገብቶኛል።

ስለ ማስቀመጡ ግን የማውቀውን ልንገራችሁ። የተፈለፈለ ሩዝ ቶሎ ነቀዝ ይገባዋል። ከነገለባው ያለው፣ በደንብ ከደረቀ፣ ክረምትን ይሻገራል። ነገሩ ያለው መድረቁ ላይ ነው። አንዳንዱ ሚዛን እንዲያነሳለት እርጥቡን ያመጣል። እኔ ፍሬውን በጥርሴ ነክሼ ነው የማውቀው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። ከለመጠ መልሰህ አስጣው እላለሁ። እርጥቡ ከገባ ብዙም ሳይቆይ እጅህን ጆንያው መሃል ብትከት ይፋጅሃል፣ ሽታውም ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይገዛህም። መጋዘን ከቸገረ ከመፈልፈያዬ ጀርባ ያለውን ቤት በኪራይ እሰጣችኋለሁ።

ቁጥጥር ኮሚቴ፦
ወንድሜ፣ ስለ እውነትህ አመሰግናለሁ። ቤቱን ግን አንወስድም። የሚሸጥ እህል ገዢው ግቢ ውስጥ አይቀመጥም፣ አንተን ስለጠረጠርኩ አይደለም፣ ነገ ሚዛን ቢያጨቃጭቅ ማን ይመሰክራል? መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው። አንዱ ማህበሩ ጋ፣ አንዱ ያስቀመጡት ሰዎች ወኪል ጋ። ሁለቱ ሳይገናኙ አይከፈትም። ጆንያው ርብራብ ላይ ይደርደር፣ ግድግዳም አይንካ።

ሌላው ማንም ያላነሳው ጎርፉ ነው። በ1998 ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲውጡት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እኔ ያኔ ጎረቤቴ ልጆቹን አሻግሮ ለእህሉ ሲመለስ ጎተራው ዘሞ አግኝቶታል። ስለ ጎርፍ ምንም የማይል ዕቅድ ላይ እኔ አልፈርምም። መጋዘኑ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። ማሳው በጎርፍ ለተመታበትም፣ ወረዳው ጉዳቱን ካረጋገጠ፣ ዕዳው ወደሚቀጥለው አጨዳ ይሻገርለት። ይሰረዝለት ግን አልልም። አንዴ መሰረዝ ከጀመርን ደረቅ መሬት ያለውም ጎርፍ መታኝ ይለናል።

ዋስትናውን በሚመለከት ደመወዝተኛ ካልሆነ የሚለውን እንተው። አዋጅ 1147/2011 ምርትና እንስሳትን ሁሉ በዋስትና መያዝ ይፈቅዳል። ለኛ ዓይነት ማህበር ምዝገባው እንዴት እንደሚሄድ ከወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጠይቄ እመለሳለሁ። እስከዚያ ሦስት አርሶ አደር በጋራ ይዋዋስ።

ሂሳብ ክፍል፦
የመጋዘኑን ብድር ደግሞ ላስላላችሁ፣ ማንም ተስፋ ብቻ ይዞ እንዳይገባ። 10 ኩንታል አስቀመጥክ፣ የዕለቱ ዋጋ 5 ሺህ ቢሆን (ለምሳሌ ነው፣ ነገ በዚህ ግዙኝ እንዳትሉኝ) 50 ሺህ ነው። 60 በመቶውን፣ 30 ሺህ እሰጥሃለሁ። ከታህሳስ 30 እስከ ግንቦት 30፣ በዚያው በ15 በመቶ የ5 ወር ወለዱ 1,875 ብር። ስለዚህ በኩንታል 187 ብር ከ50 ሳይጨምር ከሸጥክ ለወለድ ብቻ ደክመሃል። ኪራዩና ጥበቃው ገና አልተነካም። ክብደቱም ይቀንሳል፣ ቢደርቅም ትንሽ ይወርዳል። ዋጋው ላይጨምርም ይችላል፣ ከውጭ የሚገባው ሩዝ ብዙ ነው። 60 በመቶ ያልኩትም ለዚህ ነው፣ ዋጋው ቢወርድም የማህበሩ ብር እንዲመለስ።

እትዬ፣ የሳምንት ክፍያው ይቻላል። በየቀኑ ደረሰኝ መቁረጥ ግን አልችልም፣ አንድ ሰው ነኝ። በቴሌብር ለማህበሩ ይላኩ፣ ቅዳሜ አንዴ እመዘግብልዎታለሁ።

ከሻጋ (የምጽፈው ልጁ ነኝ)፦
አባቴ 60 በመቶው አነሰ አለ፣ ከዚያ ሲያስበው ቆየና "ይሁን፣ ልጅቷ ልክ ናት" አለ። ሚዛኑ ላይ ግን ከኛ ወገን ሰው ይቁም ይላል። ደግሞ ይኼን ጻፍልኝ ብሏል፦ "ሩዝን እዚህ ያመጣው ማህበር ነው። በደርግ ጊዜ ጅግናና ሻጋ ላይ የአምራቾች ማህበር ነበር፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ሰዎች ነበሩ ያስዘሩት። ከዚያ በፊት ውሃ የሚተኛበት መሬት በክረምት ሣር እንጂ እህል አይሆንም ነበር። ያኔም ይኼ ሣር ይበላል ወይ ብለን ስቀናል።" አሁን ደግሞ ጓያው ሊታይ ሄጃለሁ ብሎ ተነሳ።

መምህር፦
ቁጥሩን ሁለቴ ሠራሁት፣ ልክ ነው፣ ልጄ ጎበዝ። እንግዲህ እኔም ልስማማ፣ ግን በሁለት ነገር። ለሁለቱ ብድሮች የሚወጣው ገንዘብ ከምናበድረው አንድ አራተኛ አይለፍ። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ካዝናና ባንክ ያለን ብር ስንት እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ሰው ቁጥሩን ካየ መስከረም ላይ ደንግጦ አይሰለፍም። እኔ ራሴ የምሰለፈው ከፍርሃት ነው፣ ምን ልደብቃችሁ፣ አምና ያወጣሁትን ብር ጥቅምት ላይ መልሼ አስገባሁት።

ባለ መፈልፈያው፦
ልክ ነው፣ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ቁጥጥር ኮሚቴ፦
አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ በስብሰባው ላይ ትልልቅ ቆጣቢዎች "ብሩ የኛ ነው፣ እኛ እንወስን" ማለታቸው አይቀርም። አዋጅ 985/2009 አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው የሚለው። 50 ዕጣ (የማህበሩ ድርሻ) ያለውም አንድ ዕጣ ያላትም እኩል እጃቸውን ያወጣሉ። ስለዚህ ሴቶቹና ከቀበሌ የሚመጡት እንዳይቀሩ። መኪና ቶሎ ስለማይገኝ ስብሰባው ከ4 ሰዓት በፊት አይጀመር።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ የተስማማንበትን ላንብብላችሁ። የእርሻ ብድር በሰኔ ተሰጥቶ ዋናውም ወለዱም ጥር ላይ አንዴ ይከፈላል፣ ዋስትናው የሦስት አርሶ አደሮች የጋራ ዋስትና ነው፣ በምርት የማስያዙ ነገር ከወረዳው መልስ ሲመጣ ይጨመራል። የመጋዘን ብድር በአጨዳ ጊዜ የዕለቱን ዋጋ 60 በመቶ ይዞ ይሰጣል፣ ሰኔ 30 ይጠናቀቃል፣ መጋዘኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በሁለት ቁልፍ ይዘጋል፣ ሚዛኑ ላይ የአስቀማጮች ወኪል ይቆማል፣ እርጥብ ሩዝ አይገባም። ሁለቱ ተደምረው ከብድሩ አንድ አራተኛ አያልፉም። ወረዳው ላረጋገጠው የጎርፍ ጉዳት ክፍያው ወደሚቀጥለው አጨዳ ይሻገራል። በቀን ለሚሸጡ አባላት የሳምንት ክፍያ ተፈቅዷል። የካዝናው ቁጥር ጳጉሜ ላይ ይለጠፋል። ያልጨረስነው የመጋዘኑን ኪራይ ማን ይክፈል የሚለው ነው፣ ማህበሩ የመጀመሪያውን ዓመት ቢችል ባይ ነኝ፣ ስብሰባው ይወስን። እሑድ አትሜ አመጣለሁ፣ 30 ኮፒ ይበቃል?

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
50 አድርገው። የማያነብም ይዞ ቤቱ ይሂድ፣ ልጁ ያነብለታል። ምሳው በኔ ነው፣ ቅልቅል ነው ብላችሁ እንዳታሙኝ።

ሂሳብ ክፍል፦
"ሰኔ 30" ብለህ ጽፈሃል። ግንቦት 30! ሳታስተካክል እንዳታትም።