የልጄን ክብደት በተመለከተ ምክር እፈልጋለሁ

የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ሲሆን፣ የ14 ዓመቱ ልጄ ኮምቦልቻ በሚገኝ የታዳጊዎች የነጻ ትግል ክለብ ከገባ አምስት ወር ሆኖታል። (አያቱ «ትግል ገባ» ሲባሉ ጫካ የገባ መስሏቸው ደንግጠው ነበር።) ስንመዘገብ የተጠየቅነው የወላጅ ፊርማና ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ ስለ ክብደት ማንም አላነሣልንም።

አሁን ለውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ 43 ኪሎ ተኩል የሚመዝነው ልጅ በ44 ኪሎ ምድብ ፋንታ በ41 እንዲወዳደር አሠልጣኙ ወስነዋል፤ ምክንያታቸውም በላይኛው ምድብ ጠንካራ ተጋጣሚ አለ የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ጾም ሳይሆን እራት ትቷል፣ ውኃ በጉንጭ እየለካ ይጠጣል፣ ላብ እንዲወጣው ሁለት ጃኬት ደርቦ ወደ ጦሳ አቀበት ይሮጣል። ባለፈው ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ጤና ጣቢያ ወስጄው የሰውነቱ ፈሳሽ ማነሱ ተነገረኝ። አሠልጣኙን ሳነጋግራቸው «ሁሉም የሚያደርገው ነው» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች እንዲሁ ክብደት ለመቀነስ ሲጣደፉ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ መሞታቸውን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይሁንና ልጁ ስፖርቱን ከልቡ ስለሚወደው ላስወጣው አልፈልግም።

ልጆቻችሁን በትግል ክለብ ያሳለፋችሁ ወላጆች፣ ከአሠልጣኙ ጋር ሳልቀያየምና ልጁም ከቡድኑ ሳይቀነስ፣ ባለው ክብደት በ44 ኪሎ ምድብ እንዲወዳደር እንዴት አድርጌ ላሳምናቸው?