«ቤት ውስጥ ሰው ካለ ቀላል ነው»፦ ስለ ጨርቅ ዳይፐር የተነሳ ክርክር

የሽምብጧ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ንዴቴን ላውጣ። እሁድ እዚህ ባሕር ዳር ስለ ሰፈር ጽዳት ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። አንድ ሰውዬ ተነሱና «ጣናን በዳይፐር የሞላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኛን እናቶቻችን በጨርቅ ነው ያሳደጉን፣ የዘንድሮ እናት ሰነፍ ናት» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ልጄን ታቅፌ ነበር የተቀመጥኩት፤ ደሜ ፈላ። እኔ እኮ ልጄን ከዳይፐር ወደ ጨርቅ እያዞርኳት ነው! የማዞራት ግን የእሽጉ ዋጋ በየጊዜው ስለሚጨምርብኝና ቂጧ ስለቀላብኝ ነው እንጂ ሰነፍ ስለተባልኩ አይደለም። ጨርቅ ጥሩ ነው፣ እመክራለሁ። ተሰድባ ጨርቅ የምትጀምር እናት ግን የለችም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አባይ ማዶ፦
እህቴ፣ ሰውዬው አነጋገራቸው ቢከፋም ሐሳባቸው ልክ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ቦዩን እዪው። ውሻ የዘነጠለው ዳይፐር፣ ሽንት የሚመጠው ጄሉ አብጦ፣ ከነላስቲኩ ተንሳፍፎ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። በቀን 8 ጊዜ የሚቀየር ሕፃን በወር 240 ዳይፐር ይጥላል፤ አንድ ሕፃን ብቻ! ፌስታል በሕግ ሲከለከል ሁላችንም ደግፈናል። ዳይፐሩስ ፕላስቲክ አይደለም እንዴ? ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ተፈጥሮው ሊጠበቅ የሚገባ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ብሎ የመዘገበው ሐይቅ ነው ያለን። ጨርቅ ደግሞ ያን ያህል አይከብድም። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ቀላል ነው፤ ማጠብና ማስጣት ነው፣ አለቀ።

ቀበሌ 14፦
«ሰው ካለ» ያልከው ማንን ነው? በስሙ ጥራው። ሚስትህን ነው? እናትህን ነው? ከገጠር የመጣችውን ሠራተኛ ነው? አንተን እንዳልሆነ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል።

አባይ ማዶ፦
እንዴ፣ ነገሩን ወደ ጠብ አትውሰጂው። ሰው ማለት ሰው ነው። ማንም ሊሆን ይችላል።

ቀበሌ 14፦
ማንም አይሆንም። ሁልጊዜ ሴት ናት። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላው ማነው? ሳፋው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚያሸውስ? ሥራ ውላ የገባች እናት ማታ የተዘፈዘፈ ጨርቅ ሲጠብቃት «ቀላል ነው» በላት እስቲ።

ዲፖ፦
እኔ ደግሞ ከነጭራሹ ጨርቅ ለአካባቢ ይሻላል በሚለው አልስማማም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጥናት አለ። አንድ ልጅ በዳይፐር ለሁለት ዓመት ተኩል ሲያድግ ወደ 550 ኪሎ ግራም ካርቦን ይወጣል፤ በጨርቅ ሲያድግ ደግሞ 570። እኩል ናቸው ማለት ነው። ታዲያ እናቶችን ማስጨነቅ ለምን?

የሽምብጧ እናት፦
ወንድሜ፣ ጥናቱን እስከ መጨረሻው ጥቀሰው። 570 የተባለው በማሽን ታጥቦ ከፊሉ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ የሚደርቀው ነው። ገመድ ላይ ከተሰጣ፣ ማሽኑ ሞልቶ ከታጠበና ለሁለተኛ ልጅ ከተላለፈ 40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ይላል ያው ጥናት። ባሕር ዳር ውስጥ ማድረቂያ ማሽን ያለው ማነው? ከጥቅምት እስከ ግንቦት ጠዋት ያሰጣሁት ለምሳ ደርቆ ነው የማነሳው። ለዚያውም የኛ ችግር ካርቦኑ አይደለም፤ ቦዩ ነው።

ዲፖ፦
እሺ፣ ገመዱን ተቀበልኩ። ሐምሌና ነሐሴስ?

የሽምብጧ እናት፦
ክረምት ይከብዳል፣ አልዋሽም። ሁለት ቀን የተሰጣ ጨርቅ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። እኔ ክረምት ላይ ቀን ቀን ጨርቅ፣ ማታ ዳይፐር አደርጋለሁ። ይኸን ስል «እንግዲያውስ ዳይፐሩን አልተውሽም» የሚለኝ አለ። አዎ፣ ሙሉ በሙሉ አልተውኩም። ግማሹን መተው ዋጋ የለውም ያለው ማነው?

ጣና ዳር፦
ግማሽ ግማሽ እየተባለ ነው ሐይቁ እዚህ የደረሰው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲታይ «ትንሽ ነው» ተባለ። በኋላ ከየቦታው ሰው ወጥቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ፣ አልጠፋም። ጣና የአባይ መነሻ ነው። ለሐይቁ ብሎ አንድ ክረምት መቸገር ይከብዳል?

ቀበሌ 14፦
አንተ ጣና ዳር፣ እምቦጭን የሚያፋፋው ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ ነው። የጨርቁ እጣቢ ካካውንና ሳሙናውን ይዞ ቦይ ውስጥ ከተደፋ እሱም ያው ሐይቅ ይገባል። እናትን ብቻ ለይታችሁ አትክሰሱ። የሆቴሉን ፍሳሽ የሚጠይቅ የለም፤ የቆሻሻ ገንዳው ሞልቶ ሲከርም ለምን አልተነሳም የሚል የለም። ዳይፐሩን በሥርዓት አስሬ አወጣለሁ፣ መኪናው ሳይመጣ ይከርማል፣ ውሻ ይጎትተዋል። ከዚያ ሰነፏ እኔ ነኝ።

ጣና ዳር፦
የገንዳው ነገር እውነት ነው። እሱን ደግፌ እፈርማለሁ። ግን ገንዳው እስኪነሳ ምን እናድርግ?

ቀበሌ 14፦
አባይ ማዶ ይመልስ። «ሰው ካለ» ያለው እሱ ነው።

የዘጌ ልጅ፦
እኛ ጋ እኮ ይኸ ሁሉ ጭቅጭቅ የለም። ሐይቁ ደጃችን ነው። ጨርቁን ወስደን እዚያው አጥበን ድንጋይ ላይ አስጥተን እንመለሳለን። ዳይፐር የሚገዛም ብዙ የለም።

ነርሷ፦
የዘጌ ልጅ፣ እባክሽ ሐይቁ ውስጥ አትጠቡ። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። የበሽታው እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ የቆመችውን ሴት በእግሯ ቆዳ ይገባባታል። ውሃውን በባልዲ ቀድታችሁ ከዳርቻው ራቅ ብላችሁ እጠቡ፤ እጣቢውን ሽንት ቤት ድፉት።

እግረ መንገዴን ስለ አስተጣጠቡ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ እናቶች ጨርቅ ጀምረው የሚተውት በዚህ ነው። ካካውን መጀመሪያ ሽንት ቤት አራግፉት። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት፤ ሙቅ ውሃ ከቀደመ እድፉ አይለቅም። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና እሹት። ውሃው አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ አለቅልቁት፤ የሕፃን ቆዳ የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙና ነው። የልብስ ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ጨርቁ ሽንት መምጠጥ ያቆማል። ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

መቅላቱን በተመለከተ፣ ዳይፐር ስለሆነ ብቻ አይመጣም። ሽንትና ካካ ከቆዳ ጋር ሲቆዩ ነው የሚመጣው። ጨርቅ እርጥበቱን እንደ ዳይፐሩ ጄል ይዞ አያስቀርም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ይብሳል። ቅላቱ እጥፋቶቹ ውስጥ ገብቶ ዙሪያው ትናንሽ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ አሳዩት።

የሽምብጧ እናት፦
እግዜር ይስጥሽ ነርሷ። እሁድ አንቺ ነበርሽ መናገር የነበረብሽ።

አያት፦
ልጆቼ፣ «እናቶቻችን በጨርቅ አሳደጉን» ስትሉ ያሳደግሁት እኔ ነኝና ልናገር። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራ ነበር። የልጆቼን ጨርቅ የምታጥበው እናቴ ናት፤ ሁለቱ እህቶቼም ነበሩ፣ ጎረቤትም ነበረች። አቡጀዲውን ቆራርጠን፣ ዳሩን ቀምቅመን፣ ሦስት ማዕዘን አድርገን እናጥፍ ነበር። ከላይ የላስቲክ ፓንት ይደረጋል። ብቻዬን ብሆን አልችለውም ነበር። የዛሬዋ ልጅ ተከራይታ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ናት፣ ልብስ ማስጫ ግቢ እንኳ የላትም። እኛን ከሷ ጋር አታወዳድሩን። በኛ ስም ደግሞ አትስደቧት።

አባይ ማዶ፦
እማማ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ነገር ግን እርስዎም ያሉት ያው የኔን ነው። ቤት ውስጥ ሰው ስለነበረ ቀለለ።

አያት፦
አልቀለለም የኔ ልጅ። ለአራት ተካፍለነው ነው።

ቀበሌ 14፦
አያት፣ እድሜ ይስጥልን! አባይ ማዶ፣ አሁንም አልመለስክም። ትናንት ቤታችሁ ውስጥ ጨርቅ ያጠበው ማነው?

አባይ ማዶ፦
የኔ ቤት ምን አገባሽ? እኔ የማወራው ስለ ሐይቁ ነው። ደግሞ ሠራተኛ ደሞዝ ይከፈላታል፣ ሥራዋ ነው።

ቀበሌ 14፦
ይኸው ወጣ! ለምግብ ማብሰል ተቀጥራ በዚያው ደሞዝ በቀን 8 ጨርቅ ተጨመረባት። ጣናን የምታድነው በሷ ጉልበት ነው ማለት ነው። ደሞዟን ጨምረህላታል?

ዲፖ፦
ወደ ርእሱ እንመለስ እንጂ ጎበዝ፣ ስለ ሠራተኛ ደሞዝ ሌላ ቀን።

ቀበሌ 14፦
ርእሱ ይኸው ነው። ጨርቁን ማን ያጥባል የሚለው ሳይመለስ ዳይፐር ይከልከል ማለት አይቻልም።

የአራስ ባል፦
እኔ እስከ አሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ባለቤቴ ገና አራስ ናት፣ ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ። የግቢው ሰው ገመድ ላይ ሳሰጣ እያየ «ሚስቱ ጨርቅ ታሳጥበዋለች» ይላል። ይበል። ማጠቡ ሳይሆን እኔን ያስቸገረኝ ብዛቱ ነው፤ በጥቂት ጨርቅ ጀመርን፣ ሁልጊዜ የደረቀ እናጣለን። በየሁለት ቀኑ ለሚያጥብ ሰው ከ20 እስከ 24 ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ይዛችሁ አትጀምሩ፣ ትማረራላችሁ።

ጣና ዳር፦
ተባረክ ወንድሜ። ያቺ እሁድ ያጨበጨቡት ወንዶች ሁሉ አንዳንድ ሳፋ ቢይዙ ጥሩ ነበር።

አባይ ማዶ፦
እኔ አላጨበጨብኩም፣ እዚያም አልነበርኩም። የተናገርኩትን አልመልስም። ሐይቁ ሲያልቅ ማን አጠበ ማን አላጠበ የሚለው አያድነንም።

ቀበሌ 14፦
እኔም አልመልስም።

የሽምብጧ እናት፦
እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። አያት ያሉት የላስቲክ ፓንት አሁን የት ይገኛል? ያለሱ ጨርቁ ፍራሹን ሁሉ ያረጥበዋል።

የአራስ ባል፦
ቅዳሜ ገበያ የሕፃን ልብስ ከሚሸጡት ጠይቂ፣ አንዳንዶቹ ጋ አለ። ጭኑ ላይ የሚያጠብቀውን ግን አትግዢ፣ ልጅቷን ይቆርጣታል። በአንድ ቁጥር ተለቅ ያለውን ውሰጂ።