የልጄ ሹሩባ አቃተኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

እናቶች፣ እህቶች፣ እስቲ ምከሩኝ። የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። እናቷ ለሥራ ዱባይ ከሄደች 3 ወር ሆናት። የልጅቷ ፀጉር እኔ እጅ ላይ ወደቀ። ከርዳዳና ብዙ ነው፤ በእናቷ ወጥታለች።

ባለፈው እሑድ አጥቤ ካደረቅኩት በኋላ ሳበጥራት ሚዶው መሃል ላይ ተሰክቶ ቀረ። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤት መጣ። አሁን ማበጠሪያ ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። እናቷ በስልክ "እርጥብ እያለ፣ ከጫፉ ጀምረህ ወደ ሥሩ" አለችኝ። እሱስ ሠራልኝ። ኮንዲሽነር ስጨምርበት ለቅሶውም ቀነሰ።

የቸገረኝ ሹሩባው ነው። ሦስቱን ዘለላ መጎንጎን እችላለሁ። ከራሷ ቆዳ ጋር አስጠግቼ፣ ከሥር ፀጉር እየጨመርኩ መሄድ ግን እምቢ አለኝ። መሃል ላይ ይላላል፤ ትምህርት ቤት ሳትደርስ ይፈታል። ጠበቅ ሳደርገው ደግሞ ግንባሯ ዳር ትንንሽ ሽፍታ ወጣባት፤ ደንግጬ ፈታሁት። ፀጉር ቤት ብወስዳት "በካውያ እናለስልሰው" አሉኝ። የ5 ዓመት ልጅ! ይዣት ወጣሁ።

ጣቶቼን እንዴት ልያዝ? በስንት መስመር ልጀምር? አክስቴ ለጋ ቅቤ ቀባት ትላለች፤ የትምህርት ቤት ልጆች በቅቤው ሽታ እንዳያሾፉባት ሰጋሁ። ሌላ ምን ልቀባት?