ክርክር፦ ዮጋ ፍልስፍናው ወጥቶለት ለልጆች ይሰጥ?

አስተባባሪ፦ የዛሬውን ርዕስ ያመጣችው አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት የምትኖር አባላችን ናት። የልጇ ትምህርት ቤት ዮጋ ሊጀምር ስለሆነ ወላጅ ይፈርም ብሎ ወረቀት ልኳል። ለማታውቁት፣ አላባማ እ.ኤ.አ. በ1993 ዮጋን ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አግዳ ነበር። በ2021 ሕጉ ላላ። እንቅስቃሴው ተፈቀደ፤ ማንትራው (እየተደጋገመ የሚባለው ቃል) እና "ናማስቴ" (የህንዶች ሰላምታ) ማለቱ ግን ክልክል ነው። የእንቅስቃሴዎቹም ስም በእንግሊዝኛ ብቻ ይጠራ ተብሏል። ልጆቻችን ይማሩት ወይስ ይቅርባቸው? ስድብ የለም፣ የማንንም ሃይማኖት ማንቋሸሽ የለም።

የአላባማዋ እናት፦ እንቅስቃሴው አያስጨንቀኝም። ልጄ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የሚውለው፤ ቢንጠራራ ደስ ይለኛል። የከነከነኝ ሌላ ነው። ችግር ከሌለው ያ ሁሉ ክልከላ ለምን? ችግር ካለውስ ለምን አስገቡት?

የሪያዱ፦ ወገን፣ አታካብዱት። እኔ ጀርባዬን ሲያመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ነው የላከኝ። ማንም ምንም አልሰበከኝም። ሳዑዲ እንኳን በ2017 እንደ ስፖርት ተቀብላዋለች።

ፍልስፍና አንባቢ፦ "ስፖርት ብቻ ነው" የሚለው ውሃ አያነሳም። የዮጋ መሠረት በሚባለው በጥንቱ ህንዳዊ በፓታንጃሊ መጽሐፍ ያሉት ሱትራዎች (አጫጭር አንቀጾች) 200 አይሞሉም። ከነሱ ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚያወሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከስምንቱ የዮጋ ክፍሎች መጀመሪያ የመጣው ያማ ነው፦ አለመጉዳት፣ እውነት፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ አለማግበስበስ። አላባማ ለኑሮ የሚሆነውን ጥላ መንጠራራቱን አስቀረች። እኛ ቤት ቡፌ ውስጥ "ለእንግዳ" ተብሎ የተቀመጠ ስኒ አለ፤ የዋጋ ወረቀቱ እንኳን አልተላጠም። እኛ በተሸረፈው እንጠጣለን። ስለ አለማግበስበስ ካነበብኩ በኋላ አውጥቼ ቡና አስፈላሁበት። እናቴ ግን አኮረፈችኝ፤ እንግዳ ሲመጣ በምን ልናስተናግድ ነው ብላ።

ሰንበት ተማሪ፦ ስኒ ለማውጣት ህንድ ድረስ መሄድ ነበረብህ? "ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል" ሲባል አልሰማህም? ቀልዱን ትተን፣ ሳትጨርስ የተውከውን ልጨርስልህ። ስምንተኛው ክፍል ሳማዲ፣ ማለትም ፍጹም ተመስጦ ነው። የመንገዱ መድረሻ ደግሞ ነፍስ ከቁስ ዓለም ተለይታ ብቻዋን መቆሟ ነው። ይሄ ስለ ሰው ማንነትና ስለ መዳን የሚያስተምር ሙሉ ትምህርት ነው፤ የመልካም ምግባር ምክር ብቻ አይደለም። እስቲ ደግሞ አስቡት። አንድ የጂም አሰልጣኝ ስግደታችንን ወስዶ፣ ጸሎቱን አውጥቶ፣ "ለጉልበትና ለሆድ ጡንቻ" ብሎ በወር ክፍያ ቢያሠራ ደማችን አይፈላም?

ፍልስፍና አንባቢ፦ ይቺን ተቀብያለሁ። የአሜሪካ ሂንዱዎች ተሟጋች ድርጅት የሆነው ሂንዱ አሜሪካን ፋውንዴሽንም በ2010 ዘመቻ የከፈተው ለዚሁ ነው፤ ሥሩን አትካዱ ብሎ። ግን ያማዎቹ በትውልድ፣ በቦታና በጊዜ እንደማይገደቡ ሱትራው ራሱ ይናገራል። ሰው ላለመጉዳት የግድ ሳማዲ ድረስ ልሂድ ማለት የለብኝም።

የማታ ተረኛ ነርስ፦ ሁለታችሁም መጽሐፉ ላይ ተጣብቃችኋል። አስታማሚ ሲጮህብኝ መጀመሪያ ትንፋሼን ቀስ አድርጌ አስወጣለሁ፣ ከዚያ ነው መልስ የምሰጠው። ፕራናያማ (የዮጋ የትንፋሽ ልምምድ) በሉት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። ዱሮ እኩል ነበር የምጮኸው።

ሰንበት ተማሪ፦ እሱን ማን ነቀፈ? አንቺ አዋቂ ነሽ፣ መርጠሽ ወሰድሽ። የሰባት ዓመት ልጅ መምህሩ ያለውን ነው የሚያደርገው።

ከሳንዲያጎ፦ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ቅርባችን ኢንሲኒታስ ከተማ የትምህርት ቤት ዮጋ ላይ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዳኛው በ2013 ዮጋ ራሱ ሃይማኖታዊ ነው፣ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ግን አይደለም ብለው ወሰኑ። በ2015 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። የሳንስክሪት (የጥንት ህንድ ቋንቋ) ስሞቹን ቀድመው አውጥተዋቸው ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ገንዘቡ ነው። ለትምህርቱ 533,000 ዶላር የሰጠው በታዋቂው የአሽታንጋ ዮጋ መምህር በፓታቢ ጆይስ ስም የተቋቋመ ድርጅት ነበር። ልጄ ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቀው "ማን ነው የሚከፍለው?" ብዬ ነው።

የሪያዱ፦ ይሄን አላውቅም ነበር። ለስፖርት ብቻ ያን ያህል ብር ማን ይሰጣል?

የአላባማዋ እናት፦ የተላከልኝ ወረቀት ላይ ማን እንደሚያስተምር አልተጻፈም፣ ማን እንደሚከፍልም። ሳልፈርም ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ከፈቀዱልኝም አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብዬ አያለሁ። የስኒው ነገር ግን፣ ወንድሜ፣ እናትህ ልክ ናቸው።