ኢንላይን ስክሪፕት ስጠቀጥቅ የቀን መምረጫው ይሞታል

ሳምሪ_ፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላለ የእንግዳ ማረፊያ የአልጋ መያዣ ገጽ በፒኤችፒ እየሠራሁ ነው። በጥምቀት ሰሞን ኔትወርክ ሲጨናነቅ በስልክ እንዳይንቀራፈፍ መጠኑን መቀነስ አለብኝ። ኤችቲኤምኤሉ 96 ኪሎባይት ነው፤ 41ዱ እዚያው ገጹ ውስጥ የተጻፈ (ኢንላይን) ጃቫስክሪፕት ነው። ለመጠቅጠቅ (ኮዱን አሳጥሮ መጠኑን ለመቀነስ) ገጹ ከሰርቨር ሲወጣ መስመር መስበሪያውንና ትርፍ ክፍት ቦታውን በሬጌክስ (ጽሑፍ ፈልጎ በሚተካ ቀመር) አጠፋለሁ። ከዚያ ወዲህ የቀን መምረጫው አልከፈት አለ፤ የብራውዘሩ ስህተት ማሳያ (ኮንሶሉ) «አንኤክስፔክትድ ኢንድ ኦፍ ኢንፑት» (ኮዱ ሳይጠበቅ አለቀ) ይላል። ሬጌክሱን ሳነሳው ይሠራል። ችግሩ የቱ ጋ ነው?

አዘዞ_ዴቭ፦
ኮድሽ ውስጥ በ // የሚጀምር ማስታወሻ አለ። እሱ የሚያበቃው መስመሩ ሲያልቅ ነው፤ መስመር መስበሪያው ከጠፋ ቀጥሎ ያለው ኮድ ሁሉ ማስታወሻ ይሆናል፣ የተከፈተው ቅንፍም ሳይዘጋ ይቀራል። ስህተት ማሳየቱ እንኳ ደግ ነው፤ ማስታወሻው መጀመሪያው መስመር ላይ ቢሆን ስክሪፕቱ ያለ ምንም ስህተት ዝም ይል ነበር።

ማስታወሻዎቹንም በሬጌክስ ልቁረጥ እንዳትይ። የሊንክ አድራሻም // አለው፤ አብሮ ይቆረጣል። ሴሚኮለን (;) ያልተደረገባቸው መስመሮች ይጣበቃሉ፣ በባክቲክ (`) መሃል ያለ ጽሑፍም ቅርጹ ይበላሻል። ይህን ሥራ ኮዱን ተንትኖ መልሶ ለሚጽፍ መሣሪያ ተዪው። ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬድ ፕሮግራም) ካለሽ በመጫኛው በኤንፒኤም «ኤችቲኤምኤል-ሚኒፋየር-ተርሰር»ን ጫኚ፤ «ሚኒፋይ-ጄኤስ» የሚለውን አማራጭ ካላበራሽው ግን ስክሪፕቱን አይነካውም። ፋይሉን ወደ ሰርቨር ከመላክሽ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አስኪጂው፤ ጎብኚ በመጣ ቁጥር መጠቅጠቅ ሰርቨሩን በከንቱ ማድከም ነው።

አንድ እንቅፋት ይገጥምሻል። ስክሪፕቱ መሃል የፒኤችፒ ኮድ ከተሰነቀረ ተርሰር (መሣሪያው ጃቫስክሪፕቱን የሚጠቀጥቅበት ክፍል) ጃቫስክሪፕት ነው ብሎ ሊያነበው አይችልም። ዋጋውንና የክፍሎቹን ዝርዝር አውጥተሽ ዓይነቱ ጄሰን (ዳታን በጽሑፍ የማስቀመጫ ቅርጽ) በሆነ የራሱ ስክሪፕት ታግ ውስጥ አስቀምጪ፣ ዋናው ስክሪፕት ከዚያ ያንብብ።

ማራኪ_ሰርቨር፦
አዘዞ ያለው ልክ ነው፤ የአማርኛ ገጽ ግን ሌላ ቀዳዳ አለው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ስልት) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ዳታን ወደ ጄሰን የሚቀይረው የፒኤችፒ ፋንክሽን ጄሰን ኢንኮድ ካልተነገረው በቀር እያንዳንዱን ፊደል 6 ባይት ወዳለው የዩኒኮድ ቁጥር ይቀይረዋል፤ «ሰላም» ከ9 ወደ 18 ባይት ያድጋል። «ጄሰን አንኢስኬፕድ ዩኒኮድ» የሚለውን ምልክት ጨምሪበት። ስላሽን እንዳለ የሚተወውን «አንኢስኬፕድ ስላሽስ»ን ግን አትጨምሪ፤ ከዳታው ውስጥ የስክሪፕት መዝጊያ ታግ ቢገኝ ስክሪፕቱ መሃል ላይ እንዲዘጋ የሚያደርገው እሱ ነው። ኢኤስቢልድ የተባለውን ሌላ የጃቫስክሪፕት መጠቅጠቂያ የምትጠቀሙም እወቁ፦ ቻርሴቱን (የፊደል ስልቱን) ዩቲኤፍ-8 ካላላችሁት እሱም ፊደሉን ወደ ዩኒኮድ ቁጥር ይቀይረዋል።

በነገራችን ላይ ሰርቨሩ ላይ ጂዚፕ (ፋይል ሲላክ አምቆ የሚያሳንሰው) በርቷል? የሰርቨሩ ሶፍትዌር አፓቼ ከሆነ ሞድ-ዲፍሌት የተባለውን ሞጁል እይ። ካልበራ ከእሱ ጀምሪ፤ ብዙውን የሚቀንሰው እሱ ነው፣ መጠቅጠቁ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ትርፍ ነው።

ሳምሪ_ፒያሳ፦
ጂዚፑ ጠፍቶ ነበር፣ አበራሁት። ተርሰር ስሞችን ሲያሳጥር በኦንክሊክ (ቁልፍ ሲነካ) የምጠራቸው ፋንክሽኖች አይጠፉም?

አዘዞ_ዴቭ፦
በነባሪው የሚያሳጥረው ፋንክሽን ውስጥ ያሉትን ስሞች ነው፤ ከፋንክሽን ውጭ የተጻፉትን አይነካም። እነሱንም የሚያሳጥረውን «ቶፕሌቭል» የተባለ አማራጭ ካበራሽ ግን የኦንክሊኩ ጥሪ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል። ገጹ የትኛው ስክሪፕት እንደሚፈቀድ በሻ-256 ሀሽ (ከኮዱ በሚሰላ አሻራ) የሚጠብቅ ሲኤስፒ (የደኅንነት ደንብ) ካለው ደግሞ ሀሹን ከተጠቀጠቀው ኮድ አውጪ፤ አንድ ክፍት ቦታ ከተለወጠ ብራውዘሩ ስክሪፕቱን አያስኬደውም።

ማራኪ_ሰርቨር፦
ያ 41 ኪሎባይት በየገጹ የሚደጋገም ከሆነስ ለምን ኢንላይን ሆነ? ወደ ውጭ ፋይል አውጪው፣ ብራውዘሩ አንዴ አውርዶ ያስቀምጠዋል። ገጹ ሲከፈት ወዲያው የሚያስፈልገውን ጥቂት መስመር ብቻ ውስጥ ተዪ።